ያፈላሁት የጎመን ውኃ

የማጸዳው የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሽፈራው ቅጠል ይሸታል። መምህሯ ቅጠሉን ፈጭተው፣ ከኮመጠጠ አትክልት ውኃ ጋር በጠርሙስ ያስቀምጡታል። ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ጠቃሚ ነገር ከስኳር ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ሆዳችን ብዙውን አይወስደውም። ኮምጣጣው ውኃ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ይነጥሉለት እንደሆነ ነው የሚሞክሩት። ከገበያ የገዙት አትክልት ግን በአቼቶ የተሠራ፣ ባክቴሪያ የሌለበት ስለሆነ አልሆነላቸውም።

አንድ ቀን ምሳ ስበላ የእናቴን የኮመጠጠ ጥቅል ጎመንና ካሮት ሳህኔ ላይ አዩ።

"በአቼቶ ነው?"

"በጨው ብቻ" አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

"ውኃውን ታመጪልኛለሽ?"

ቤት ገብቼ ማሰሮውን ከፈትኩ። ውኃው ደፍርሷል፣ ላዩ ላይ ነጭ ነገር ሠርቷል። ይህን የተማረ ሰው ፊት ማቅረብ አሳፈረኝ። እናቴ ሳታየኝ በድስት አፈላሁትና በንጹሕ ጨርቅ አጠለልኩት። ከሰፈራችን ከሳቢያን ተነስቼ የደቻቱን ድልድይ እስክሻገር ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ።

ቅጠሉን ጨምረው አራት ቀን ጠበቁት። አረፋ እንኳ አላወጣም።

"ይኼም አይረባም። ሰኞ ሌላ ሥራ እጀምራለሁ" አሉና ደብተራቸውን ከፈቱ።

መጥረጊያዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ብናገር ከሥራ የሚያስወጡኝ መሰለኝ። ግን የእናቴ ውኃ በእኔ ጥፋት የማይረባ ተብሎ ሊጻፍ ነው።

"ዶክተር፣ አፍልቼዋለሁ።"

"ምኑን?"

"ውኃውን። ቆሻሻ እንዳይመስልዎት ብዬ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። እየሳቁ መሆኑን ያወቅሁት ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው።

"የምፈልጋቸውን ባክቴሪያዎች ሁሉ ቀቅለሽ ነዋ ያመጣሽልኝ። በይ እንዳለ አምጪው፣ ድፍርሱን።"

እናቴ ስትሰማ፣ "የኔን ውኃ አፈላሽው? አቦ፣ እስከ ዛሬ ማንን ገደለ?" ብላ ራሷ ቀድታ ሰጠችኝ።

በሦስተኛው ቀን ወለል ስጠርግ ዶክተሯ ጠሩኝ። ክዳኑን ሲያላሉት ጠርሙሱ ተነፈሰ። አሸተትኩት፤ የቤታችን ሽታ ነው።

"ስኳሩ ከቅጠሉ ተነጥሎ እንደሆነ ገና እመረምራለሁ። ባክቴሪያዎቹ ግን እየሠሩ ነው" አሉ።

ባዶውን ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩበት።

ቤት ስገባ እናቴ ስለ ቅጠሉም ስለ ባክቴሪያውም አልጠየቀችኝም።

"ሸተተኝ አሉ?"

"አላሉም። ሌላ ይጨመርልኝ ነው ያሉት።"

ማሰሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።