እናቴና የጋልቬስተን ግንብ

እኔ የምወደው ኮንክሪት ነው። ሳቁብኝ፣ ግዴለም፣ ለምጄዋለሁ። ባሕር የበላው ግንብ፣ ጨው ያዛገው ብረት፣ ማዕበል እንዲሰብር ውሃ ውስጥ የተደረደረ ድንጋይ ሳይ ልቤ ጮቤ ትረግጣለች። ችግሩ የምኖረው ኧርቪንግ መሆኑ ነው፤ እኛ ሰፈር ውሃ ቢባል ከዝናብ በኋላ ፓርኪንግ ላይ የሚተኛው ነው። ሶ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ካሜራዬን ይዤ አምስት ሰዓት ነድቼ ባሕር ዳር ወዳለችው ጋልቬስተን እወርዳለሁ። እህቴ ጤነኝነቴን ትጠራጠራለች።

ባለፈው መጋቢት እናቴ እኔም እሄዳለሁ አለች። ገረመኝ፣ ምክንያቱም በዚያ ሳምንት ተኳርፈን ነበር። ሌክ ሃይላንድስ ያለው አፓርትመንቷ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጉልበቷ ደግሞ ማስቸገር ከጀመራት ከርሟል። እኔና እህቴ ተመካክረን ከታች፣ ግራውንድ ላይ ቤት አገኘንላት፤ የቀረው ሰኞ የኪራይ ውሉን፣ ሊዙን፣ መፈረም ብቻ ነበር። እሷ ግን ሞቼ ነው ቆሜ አለች። አሥራ አንድ ዓመት ሰማይ እያየሁ ከኖርኩበት ወርጄ፣ መንገደኛ እንዳያየኝ መጋረጃ ዘግቼ አልቀመጥም ነው የምትለው።

መንገዱን ሙሉ ስለ ቤት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም ተመስገን ብዬ ነዳሁ።

ስንደርስ ሰማዩ ልክ እንደምፈልገው ደመና ለብሶ ነበር። ባሕሩን ከሚገታው ግንብ በላይ ባለው መንገድ ዳር ፓርክ አድርጌ እናቴን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ማለቴ፣ ያስቀመጥኳት መስሎኝ ነበር። አሸዋው ላይ ወርጄ፣ ጠርዙ ተበልቶ ጠጠሩ የወጣውን ደረጃ ላነሳ ሳነጣጥር፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች መሃሉ ላይ ቆማለች። የእጅ መደገፊያውን ብረት እንኳ አልያዘችም። ገለል በይ ብላት፣ አንሳኝ እንጂ ትላለች። አነሳኋት። ወደሚቀጥለው ደረጃ ሄድኩ፤ እዚያም ጫፉ ላይ ቀጥ ብላለች። ወደ ድንጋዮቹ ስሄድ ደግሞ የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ።

በእሷ ዘመን ሰው የሌለበት ፎቶ የባከነ ፊልም ነው። ሐውልትም ይሁን ፏፏቴ፣ ዘመድ ፊቱ ካልቆመበት ማን ያየዋል? ያው ልማድ ነው ብዬ ውስጤ እያረረ አነሳሁ። እንዴት እንደምትወጣና እንደምትወርድ አንዴም አልጠየቅኩም፤ ዓይኔ ያለው ኮንክሪቱ ላይ ነው። አንድም ባዶ ግንብ ሳላነሳ ተመለስን።

መኪና ውስጥ እንደገባን ካሜራውን ስጠኝ አለች። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል አየች። ከዚያ ወደ እኔ አዞረችው።

«ይሄን ሁሉ ደረጃ የወጣው ማን ነው?» አለች። «ያነሳኸው አንተው ነህ። የእኔ ቤት አሥራ አራት ደረጃ ነው። በል እስቲ አሁን አትችይም በለኝ።»

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ፤ እሷም እያየችኝ ሳቀች። ግን ደግሞ አፈርኩ። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ልታሳየኝ ስትለፋ፣ እኔ ከፎቶዬ ላስወጣት ስለፋ ዋልኩ።

ነዳጅ ልንቀዳ ስንቆም የጉልበቷን ክኒን ከቦርሳዋ አውጥታ ስትውጥ በመስታወቱ አየኋት። እንዳላየ ሆንኩ። የሚያማት እሷን ነው፣ ቤቱ ውስጥ የምትኖረውም እሷ ናት። ሊዙን እንደማልፈርም እዚያው ወሰንኩ።

ፎቶዎቹን ለእህቴ ላክኩላት። ወዲያው ኮል አደረገች። ደረጃው ጫፍ ላይ የቆመችበትን አይታ፣ ከኋላ ማን ደግፏት ነው አለችኝ።

«ማንም» አልኳት። «እኔ ከታች ሆኜ ገለል በይ እያልኳት ነበር።»