ክንፍ አከራዩ

ወደ ሰው አገር የገባው ገና በጎልማሳነቱ መግቢያ፣ የአውሮፕላን ጥገና ሊማር ነው። ሲጨርስ አንድ ጥገና ቤት ተቀጠረና፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ሴትዮ ቤት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ኖረ። አንድ ቀን አየር መንገዱ አንዲት አሮጌ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ለብረት ሊሸጥ መሆኑን ሰማ። ያቺን አውሮፕላን ዓመታት ፈትቶ ገጥሟታል፤ ጠባይዋን እንደ እህቱ ያውቃል። ጥርሱን የሚያክመውን ሐኪም ለምኖ፣ ደጅ ጠንቶ ሸሪክ አደረገውና አብረው ገዟት። አሳባቸው ማብረር አልነበረም፤ የራሳቸውን መግዛት ላቃታቸው ትንንሽ አየር መንገዶች ማከራየት እንጂ።

ይህን ሲነግራቸው የቤቱ ባለቤት ሳቃቸው አመለጣቸው።

"በል ደግ ነው ልጄ፤ እኔ ክፍል አከራያለሁ፣ አንተ ክንፍ ታከራያለህ!"

ከዚያ ወዲያ ስሙ ቀርቶ "ክንፍ አከራዩ" ተባለ።

ሥራው ሰመረለት። አንዷ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያሉ ዘጠኝ ደረሱ። የጥርስ ሐኪሙ ድርሻውን ይዞ ሲለይ እሱ ብቻውን ቀጠለ። አንዱ ተከራይ ሲመልስ መረከብ፣ ቀለም ማስቀየር፣ ወንበር ማሳደስ፣ ለሌላው ማስረከብ፤ ኑሮው ይኸው ሆነ። ለአዲስ ተከራይ የምትሄድ አውሮፕላን መንገደኛ አትጭንም። ስለዚህ አብራሪዎቹ ፊት ሲቀመጡ፣ እሱ ኋላ በባዶ ወንበር ተከቦ ባሕር ይሻገር ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሎት እየተነሳ ወንበር ይቀያይራል። ኋላ ኋላ ግን አንዱ መስኮት ሥር ኩርምት ብሎ መሬት እስኪነካ ይጠብቃል።

በመሃል አግብቶ ወልዶ ነበር፤ ሚስቱ ብዙ ታገሠችው። አንድ ጠዋት ሻንጣውን ሲያዘጋጅ በሩን ተደግፋ፣ "አንተን የሚያከራይ ቢገኝ እኮ ለአንድ ወር እከራይህ ነበር" አለችው። ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ብዙም ሳይቆይ ትንሿን ልጃቸውን ይዛ ባሕር ማዶ ወዳለችው እህቷ ሄደች።

ልጅቷ እዚያው አድጋ እዚያው አገባች። በሠርጓ ዕለት አባቷን ሊያስረክበው ይዞት የሄደው አውሮፕላን ሞተሩ አስቸግሮ ሰው አገር አስቀረው። ሲደርስ አዳራሹ እየተጠረገ፣ ወንበሮቹ እየተቆለሉ ነበር።

"ምንም አይደል አባዬ" አለችው። ድምጿ ቁርጥ የእናቷን ነበር።

ከዚያ ያ ተላላፊ በሽታ ዓለምን አዳረሰና በረራ ታግዶ ሰማይ ተዘጋ። ተከራዮቹ የተማከሩ ይመስል አውሮፕላኖቹን አከታትለው መለሱለት። ዝናብ የማያውቀው ደረቅ ሜዳ ላይ ዘጠኙንም ደርድሮ አቆመ። የቢሮ ሠራተኞቹን አሰናብቶ፣ ከሜዳው ዳር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ይዞ ጠባቂያቸው ሆነ። አውሮፕላን ቆሞም ሥራ ያበዛል፤ ጎማው በአንድ ጎኑ ተጨፍልቆ እንዳይቀር በመጎተቻ መኪና ፈቀቅ ማድረግ፣ ወፍ እንዳይሰፍርበት የሞተሩን አፍ መሸፈን አለ። የሚያግዘው የሜዳው ዘበኛ ብቻ ነበር።

"ጋሼ፣ እርስዎ አብራሪ ነዎት?" አለው ዘበኛው አንድ ቀን።

"አይ፣ አከራይ ነኝ።"

"እነዚህ ሁሉ የእርስዎ ናቸው?"

"የእኔና የባንኩ።"

ዘበኛው ክንፎቹን ከዳር እስከ ዳር አየና ራሱን ነቀነቀ። "እኔ ያለችኝ አንዲት ብስክሌት ናት። ግን ቤቴ ታደርሰኛለች።"

ሰውየው ለክፋት አላለውም። ክንፍ አከራዩም አብሮ ሳቀ፤ ቃሉ ግን ሆዱ ውስጥ ቀረ።

በዚያው ሰሞን፣ ከክንፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ዳቦ ሲገምጥ ልጁ ደወለች።

"አባዬ፣ ተገላገልኩ። ሴት ናት።" ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገችና፣ "መምጣት ትች..." ብላ አቋረጠች። "ረስቼው፣ መንገዱ ዝግ ነው ለካ።"

ዘጠኝ አውሮፕላን ፊቱ ተደርድሮ ልጁ ደጅ የሚያደርሰው አንድ አጣ። "እስቲ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጊልኝ" አለ። የሕፃኗ ለቅሶ ከስልኩ ወጥቶ ሜዳው ላይ ተበተነ። ዘበኛው ሰምቶ ከሩቅ ባርኔጣውን አነሳለት።

ሰማይ ሲከፈት ባንኩ በዕዳው አምስቱን ወሰደ። የመጀመሪያዋን፣ አሮጊቷን፣ ለመለዋወጫ ሸጣት፤ ሲፈቷት ለማየት ግን አልሄደም። በቀሩት በሦስቱ ሥራውን እንደገና ጀመረ። ከዚያ በፊት ግን እንደማንኛውም ሰው ትኬት ቆርጦ፣ በሁለት መንገደኞች መሃል ተጣቦ ልጁ ዘንድ ሄደ።

የልጅ ልጁ መራመድ ጀምራለች። ሲያቅፋት ጮኸች፤ እናቷ ቀሚስ ሥር ተሸሸገች።

"አትጣደፍ አባዬ" አለች ልጁ። "ትለምድሃለች።"

እውነትም ቀስ በቀስ ለመደችው። ጫማዋን አምጥታ ጭኑ ላይ ባስቀመጠችበት ጠዋት ስልኩ ጮኸ፤ ለአንዷ አውሮፕላን ተከራይ ተገኝቷል፣ ና አስረክብ ተባለ። ልጁ ሳህን ማጠቧን ሳታቋርጥ፣ "ሂድ፣ ለምደነዋል" አለች። ቁጣ የለበትም፤ እሱን ያመመው ይኸው ነው። የደወለውን ደላላ ሌላ ሰው ቀጥሮ እንዲያስረክብለት አዘዘና፣ ጎንበስ ብሎ ለትንሿ ጫማዋን አጠለቀላት። ዕድሜውን ሙሉ ሥራ ጠርቶት ሲቀር የመጀመሪያው ነበር።

ቪዛው እስኪያልቅ ሰነበተ። ሲመለስ የቆርቆሮ ክፍሉ የተዘጋ ቤት ሽታ ይሸታል፤ ማድጋው ደርቋል፣ መስኮቱ ላይ አቧራ ተኝቷል። ሻንጣውን ሳይከፍት አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ልጁ ደወለች።

"ደረስክ አባዬ?"

"በሰላም ደረስኩ።"

"ማን ተቀበለህ?"

ባዶውን ክፍል ቃኘት አደረገ።

"አንድ ወዳጄ" አላት፤ ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ጆሮው ላይ እንደያዘው ቆየ።