ከመሬት የወጣ ሳንቲም

ልጄ ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለው አፓርትመንታችን ውስጥ የጥንት የነሐስ ሳንቲም ታጸዳለች። ሰብሳቢዎች አፈር እንደለበሰ ይልኩላታል። እሷ በተጣራ ውሃ ትዘፈዝፈዋለች፣ ውሃውን በየቀኑ ትቀይራለች፣ አፈሩን በስንጥር ቀስ እያለች ታነሳለታለች። እስክታረግዝ ድረስ ምንም ብያት አላውቅም።

እኔ ባደግሁበት አገር የተቀበረ ገንዘብ ጠባቂ አለው ይባላል። የነካውን ሰው ተከትሎ ይመጣል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነችማ የሆዷን ይወስዳል ይላሉ። የምትዘፈዝፍበትን ሳህን ባየሁ ቁጥር ውሃው ውስጥ ካለው ሳንቲም ላይ የንጉሡ ፊት ከትናንቱ ጠርቶ ያየኛል።

«እስክትወልጂ እንኳ ተይው» አልኳት።

«ማሚ፣ ጠባቂው ማን ቪዛ ሰጥቶት ነው እዚህ የሚመጣው?» ብላ ሳቀች።

እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። «እንግዲያው አሳዪኝና እኔ ልሥራው፤ አንቺ ወገብሽን አሳርፊ» አልኳት። ደስ አላት። እንደ ቤት ዕቃ በሎሚና በአመድ ልፈትገው ስል ግን እጄን ያዘችኝ።

«ኖ፣ ማሚ! አረንጓዴው ዝገት ልብሱ ነው፤ ከገፈፍሽው ይበላሻል።»

አሁን የምነካው እኔ ብቻ ነኝ። ውሃውን እቀይራለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ እርጥበት እንዳይበላው ሰም እቀባዋለሁ። ልጄ ክፍሏ ስትገባ ደግሞ እያንዳንዱን ሳንቲም ወደ አፌ አስጠግቼ፣ ክፉ እንዳያገኘኝ ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው የደበቅሁትን የክርስትና ስሜን እነግረዋለሁ። ጠባቂው ከመጣ በስሜ ጠርቶ እኔን ይዞ ይሂድ።