ያላሳዩን የመጨረሻው ጥቅል

ያበጠው ይፈንዳ፣ እናገራለሁ። ባለፈው እሑድ የድሮ የሰፈር ልጆች ኢምፔሪያል አካባቢ አንድ ካፌ ተሰብስበን ነበር። «ልጆች» ስል ሁላችንም ሸብተናል። ማኪያቶው ገና ሳይቀርብ ወሬው ወደዚያ ፊልም ዞረ፤ በደርግ ጊዜ እሑድ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ ይታይ ወደነበረው፣ አንድ ግዙፍ የብረት ሰው ከባሕር ከወጣ ዘንዶ ጋር ወደሚደባደብበት የጃፓን ፊልም። አንዱ ብድግ ብሎ የብረቱን ሰው አረማመድ አሳየን። አንዷ እንደ ዘንዶው ስትጮኽ አስተናጋጇ ትሪ ልትጥል ነበር። እስከዚህ ድረስ እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ አንዱ፣ «የቀበሌው ካድሬም እኮ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር። እሱ ባይኖር ማን ፊልም ያሳየን ነበር?» አለ።

ደሜ ፈላ። ደግ ሰው!

አዳራሹ ከቦሌ ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ከዚያ ወዲያ ማሳና ጭቃ ነው። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፤ የፊልሙ ድምፅ ይዋጣል። ያኔ እኛው የዘንዶውን ጩኸት እንጮኽለታለን። ፊልሙን ቃል በቃል ባንሰማውም በልባችን ይዘነው ነበር። ብረቱ ክንዱን ከማንሳቱ በፊት ክርኑ ሲጢጥ እንደሚል፣ የዘንዶው ጅራት የመብራት ምሰሶዎቹን ከመጨረሻው ጀምሮ እንደሚጥል፣ ከሚፈርሱት ቤቶች አንዱ ካርቶን መሆኑ እንደሚያስታውቅ ሁሉ እናውቃለን። ካርቶኑ ሲታይ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ፌዝ አልነበረም፤ ወደን ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ ያንን ካርቶን ቆርጦ፣ መስኮት ሥሎለት፣ ለእኛ ብሎ እንዳፈረሰው ይገባን ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ከሁላችንም ይብስ ነበር። ጋሼ ነበር የምለው። ከዘይት ቆርቆሮ ብረቱን ሠርቶ ክርኑ ሲጢጥ እንዲል ሆን ብሎ ዘይት ነስቶታል። የሚደግፈው ግን ዘንዶውን ነው። ሰፈሩ ሁሉ የብረቱ ወገን ሲሆን እሱ ብቻውን የዘንዶው ወገን ሆነ።

«ምን አደረጋቸው?» ይለኛል። «ተኝቶ ነበር። ባሕሩ ላይ ቦምብ ጥለው ቀሰቀሱት። አንቺን በቦምብ ቢቀሰቅሱሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እናገራለሁ።»

«እሱ ቋንቋ የለውማ፣ በጅራቱ ተናገረ። ደግሞ አይሞትም። ወደ ቤቱ ነው የሚመለሰው፤ ታያለሽ።»

አላየንም። ነገሩ እንዲህ ነው። ማሳያ ማሽኑ አንድ ብቻ ስለነበር አንዱ የፊልም ጥቅል አልቆ ሌላው እስኪገባ መብራት ይበራል። ይህች ክፍተት የካድሬው ነበረች። መድረኩ ላይ ወጥቶ ውይይት ይመራል። ውይይት የሚሉት እሱ ሲጠይቅ እኛ በአንድ ድምፅ የምንመልሰውን ነው።

«ጓዶች፣ ዘንዶው ማን ነው?»

«አድኃሪው!»

«ብረቱስ?»

«ሰፊው ሕዝብ!»

ከዚያ ያጨበጭባል፤ እናጨበጭባለን፤ ፊልሙ ይቀጥላል። የመጨረሻው ጥቅል ላይ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ «የፊልሙ ክር ተበጥሷል» ይላል። «ያው ዘንዶው ተደምስሷል፤ ድሉ የኛ ነው» ብሎ መፈክር አሰምቶ ይበትነናል። ሁልጊዜ የሚበጠስ ክር! ጥቅሉ እኮ ማሽኑ አጠገብ የቆርቆሮ ዕቃው ውስጥ ተቀምጦ በዓይናችን እናየዋለን። ለምን እንደማያሳየን የገባው ወንድሜ ብቻ ነበር። መጨረሻው ከመልሱ ጋር አይገጥምም።

አንድ እሑድ ወንድሜ እጁን አወጣ። እጅ የሚወጣበት ውይይት አልነበረም።

«ጓድ፣ ብረቱ ሰፊው ሕዝብ ከሆነ፣ ለምንድን ነው ሆዱ ውስጥ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሚነዳው?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። አሮጊቶቹ ሳይቀሩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ካድሬውም ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ ዛሬም ባየው በጥፊ እለዋለሁ።

«ጎበዝ፣ ጥያቄ መጠየቅ ጥሩ ነው» አለው። «ሌላስ?»

«ዘንዶው አይሞትም። ይመለሳል።»

«አይተኸዋል?»

«አላሳያችሁንም እኮ፣ ጓድ።»

«እናሳይሃለን» አለው።

አሳየው። በዚያው ሳምንት ለብሔራዊ ውትድርና ከቀበሌው ወጣት ተጠየቀ ተባለና፣ ምሳ እየበላን ሳለ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች በራችን ላይ ቆሙ። ጎረቤታችን ያሉት ሁለት ወንድማማቾች በዕድሜ ይበልጡት ነበር፤ አልተነኩም። እናቴ የአብዮት ጥበቃዎቹን እግር ልትይዝ ጎንበስ ስትል ወንድሜ አነሳት። እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወጣ። በሩ ላይ ዞሮ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ «እሑድ ሄደሽ መጨረሻውን እይልኝ። ከዚያ ላኪብኝ።»

አስራ አምስት ዓመቴ ነበር። እሑድ ከሁሉም ፊት ተቀመጥሁ። መልሱን ሲያስብሉን አላልሁም፤ ሲያጨበጭቡ አላጨበጨብሁም። መብራቱ በርቶ «ክሩ ተበጥሷል» ሲል ተነሣሁ።

«ጥቅሉ ያውና! ወንድሜ እይልኝ ብሎኛል፤ አሳዩኝ!»

ማንም አልሳቀም። ባለፈው ሳምንት በወንድሜ ጥያቄ ጥርሳቸው እስኪታይ የሳቁት ሁሉ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። ካድሬው ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ እንደ አባት በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሞቷል በዪው፣ እህቴ» አለኝ።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ጓደኞቹ ወንድሜ ወዳለበት ወደ ሰሜን ይመላለሱ ነበር። ወንድሜ ከጦር ሰፈሩ በአንደኛው ሹፌር ቃል ላከብኝ፦ «ዘንዶው ምን ሆነ?» በዚያው ሹፌር መለስሁለት፦ «አላሳዩኝም። ሞቷል በዪው አሉኝ፤ እኔ ግን አላልሁም።» ሹፌሩ ሲመለስ፣ «ወንድምሽ በሳቅ ሊሞት ነበር» አለኝ። «ይመለሳል ብያታለሁ፤ ትጠብቅ በላት ብሎሻል።»

ጠበቅሁ። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ተበትኖ በባዶ እግሩ ወደ ከተማ ሲገባ፣ እናቴ በገርጂ መንገድ ዳር ቆማ የእያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር። ለአንዳንዱ ውኃ ትሰጣለች፤ ለአንዳንዱ የወንድሜን ጫማ ሰጥታዋለች። ጫማዎቹ ሲያልቁ እኔን አየችኝና ወደ ቤት ገባን። መርዶም አልመጣ፣ ሰውም አልመጣ። ካድሬው ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚያው ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ስኳር ሲሸጥ አየሁት። በአልጋው ላይ ነው የሞተው፤ የለቅሶው ድንኳን መንገድ ዘግቶ ነበር።

እንግዲህ ደግ ሰው የተባለው ይህ ነው። ይህን ሁሉ ካፌው ውስጥ ተናገርሁ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር አውቃለሁ። ደግ ሰው ያለው ጓደኛችን ስኒውን ያሽከረክር ጀመር። ከዚያ አንዷ፣ ነገር ልታበርድ ብላ መሰለኝ፣ «ልጄ እኮ ፊልሙን ስልኬ ላይ ጭናልኛለች፤ ሙሉው ነው» አለች።

መጨረሻው ላይ እንድታደርሰው ነገርኋት። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝሁት። ብረቱ ክንዱን ያነሣል፤ ሲጢጥ ይላል። ሆዱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ግን አይመታም። በሩን ከፍቶ ይወጣና ብረቱ ትከሻ ላይ ቁጭ ይላል። ዘንዶው ቁስሉን እየጎተተ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ውኃው ጉልበቱ፣ ከዚያ ጀርባው፣ ከዚያ ራሱ ላይ ይደርሳል። አንዴ ዞሮ ያያል። ከዚያ ባሕሩ እንደ ነበረው ይሆናል።

«ውይ፣ አልሞተም እንዴ!» አሉ። ከኋላዬ ቆመው ሁሉም ያዩ ነበር።

«ይመለሳል ብሎ ነበር» አልሁ። ስልኩን ለጓደኛዬ መለስሁላት። አባቴ ሞቷል፤ ያ ሹፌርም ሞቷል። ላኪብኝ ያለኝን አሁን አይቻለሁ፤ የምልክበት ሰው ግን የለኝም።