አንበጣው የሚያድርበት ቦታ

በጃንሆይ ዘመን ከሐረር ተመድቤ ቢቸና የሄድኩት አንበጣ ለመከላከል ነበር። ሥራዬ ነፋስን መከተል ነው። ጧት ጧት ጋዝ የተሞላ ፊኛ ለቅቄ፣ በመነጽር እያየሁ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ አሰላለሁ።

ጤፉ ለአጨዳ ሲደርስ ከቢቸና በስተ ደቡብ ምሥራቅ ካለች ከተማ ስልክ ተደወለ። መንጋ ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ገደሉ አፋፍ ላይ አድሯል። አንበጣ ፀሐይ ሲሞቀው ተነሥቶ ነፋስ ወደወሰደው ይሄዳል፤ ሲመሽ ያርፋል። የሚገደለው በማግሥቱ ጧት፣ ብርዱ ሳይለቀው ዱቄት መድኃኒት ሲነሰነስበት ነው። ያለን መድኃኒት አንድ ላንድሮቨር ብቻ የሚጭነው ስለነበር፣ ማታ የሚያርፍበትን አስቀድሞ ማወቅ ግድ ሆነ።

ፊኛዬ ከታች እያዘገመ ሄደ፤ ከፍ ሲል ግን ወደ ሰሜን ምዕራብ ፈረጠጠ። ካርታው ላይ አሰመርኩና የአውራጃው ገዥ ዘንድ ገባሁ።

“ጌታዬ፣ ዛሬ ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ አጠገብ ያድራል።”

“እዚህ ቢያርፍስ? የቢቸናን ሕዝብ ምን ልለው ነው?”

“እዚህ ካረፈ እኔን ይጠይቁኝ።”

“በል ሂድ። ጥቂት ከረጢት መድኃኒት ግን እዚህ ተው” አሉኝ።

ሞጣ ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከተሰበሰቡት ገበሬዎች አንድ አዛውንት ሽቅብ አይተው፣ “የታለ ታዲያ፣ ልጄ?” አሉኝ።

“ይመጣል አባቴ። ከረጢቱን እናውርድ።”

ነፋሱ እየደከመ ስለነበር መንጋው ከመንገድ እንዳይቀር ሠጋሁ። ቢሆንም ሰዉን በየማሳው ደለደልኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ቀይ አቧራ የመሰለ ነገር ተነሣ። መጣ! ግን እኔ ባሰመርኩበት ሜዳ ላይ አላረፈም፤ ከወንዙ ማዶ፣ መኪና በማይደርስበት ቁልቁለት ላይ ወረደ።

“ማምጣቱንስ አመጣኸው፤ ወንዝ ማሻገሩ አቃተህ” ብለው አዛውንቱ ሳቁ። ወዲያው ወደ ጎረምሶቹ ዞረው፣ “ለነገ ጫንቃችሁን አዘጋጁ!” አሉ።

ጎህ ሲቀድ ከረጢት ተሸክመን ተሻገርን። ቅርንጫፉ ሁሉ በአንበጣ ጎብጧል፤ ክንፉ በጤዛ ርሷል። አፍንጫችንን በነጠላ ሸፍነን ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ነሰነስን። ያልደረስንበት ተነሥቶ በረረ፤ እኔም በፊቱ ላሉት አገሮች አስደወልኩ።

የማዶው ጤፍ ግማሹ ተበላ። የሞጣ ሜዳ ግን ተረፈ። አዛውንቱ ለአጨዳቸው ጠሩኝና ማጭድ አስያዙኝ። እጄ ቢላጥም፣ ማሳው ሳያልቅ ቀና አላልኩም።