በሸረሪት የተላከከው ቃጠሎ

ወጌሻዋ ዘንድ ለመታሸት የመጣ ሰው መጀመሪያ ጥያቄዋን መቻል አለበት። «ቁስል አለህ? ቆዳህ ቶሎ ይቆጣል?» ከዚያ ክንዱን ገልብጣ በውስጥ በኩል አንዲት ጠብታ ዘይት ትቀባና «ነገ ተመለስ፤ ካላሳከከህ አሽሃለሁ» ትለዋለች። ወገቡን ይዞ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ እንዴት እንደሚናደድ! «ኧረ እናንተዬ፣ ለመታሸትም ሐኪም ቦርድ ይቀረባል እንዴ?» ይላታል። እሷ ፍንክች አትልም።

ዘይቷም እንደዚያው ነው። ቅጠሉን በጥላ ታደርቃለች፤ በጣቷ ስታሸው ካልተንኮሻኮሸ ዘይት ውስጥ አይገባም፤ እርጥብ ቅጠል ያሻግተዋላ! ጠርሙሱን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁማ ትጠብቃለች፣ በንጹሕ ጨርቅ ታጠላለች፣ ቀኑን ትጽፍበታለች። ሽታው ከተለወጠ መድፋት ነው። የጥብስ ቅጠሉ ለደከመ ጡንቻ፣ ካሞሚል የሚባለው አበባ ለደረቀ ቆዳ። ጤና አዳም ግን ደጇን አያልፍም፤ ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ታናሽ እህቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ትከሻዋን ተይዛ መጣች። ወጌሻዋ ያኔ እጇም ምላሷም የተመሰገነ ነበር። ጤና አዳም ከነእርጥቡ ወቅጣ በዘይት ለወሰችና ቀባቻት። «በይ ፀሐይ ላይ ተቀመጪ፣ ይስረግልሽ» አለቻት፤ ማንኛውንም ዘይት የተቀባ ደንበኛ የምትሸኘው እንዲህ ነበር። በሁለተኛው ቀን ትከሻው ውሃ ቋጠረ። ወጌሻዋ በድብቅ አንዲት ነርስን ጠየቀች፤ ጤና አዳም የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል አለቻት። እህቷ «ምን ነካኝ?» ብላ ስትጠይቃት ግን አፈረች። «ሸረሪት ሸንታብሽ ነው» አለቻት።

ቁስሉ ዳነ፣ ጥቁር ምልክቱ ቀረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሷ እውነት ግን እያደር ከበደ። ነገ እነግራታለሁ ስትል እህቷ በሌላ ሕመም ሞተች። ከዚያ ወዲህ የምትነካው ትከሻ ሁሉ የእህቷ ነው። ጀርባውን የሰጣት ሹፌር «ቀስ በይ እንጂ» ሲል ድምፁ የእህቷ ይሆንባትና እጇን ታነሳለች። ይባስ ብሎ የመታሻው አልጋ ባዶ ሲሆንም ያንኑ ድምፅ ትሰማለች። ትፈራለች፣ እውነቱን ለመናገር በጣም ትፈራለች።

ባለፈው ሳምንት የእህቷ ልጅ፣ በዚህ ዓለም የቀረቻት አንዲት ዘመድ፣ ሕፃን ልጇን ታቅፋ መጣች። በእጇ አረንጓዴ ጠርሙስ ይዛለች።

«አክስቴ፣ የልጄ ቆዳ ተሰነጣጠቀ። አንቺ ለእማዬ እንደሠራሽላት ጤና አዳም ለወስኩ። ቀብቼ ፀሐይ ላይ ላስተኛት ነው፤ መጠኑን ንገሪኝ።»

«አይሆንም!»

«ለምን? እማዬን የጎዳት ሸረሪት እንጂ ዘይቱ መቼ ሆነ?»

ወጌሻዋ ጠርሙሱንና ሕፃኗን አየች። ዝም ብትል ሕፃኗ ልትቃጠል ነው፤ ብትናገር ያለ ዘመድ መቅረቷ ነው።

«ሸረሪት አልነበረም» አለች። «እናትሽን በዚህ ቅጠል ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። እያወቅሁ ዋሸኋት።»

ልጅቷ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «አታውቂም መሰለኝ» አለች። «እማዬ ከዚያ ወዲህ ሸረሪት ፈርታ መብራት አጥፍታ ተኝታ አታውቅም። ስትሞት እንኳ ዓይኗ ኮርኒሱ ላይ ነበር።»

ወጌሻዋ ጠርሙሱን ተቀብላ ደፋችው። ሕፃኗ ምኑንም ሳታውቅ እጆቿን ዘረጋችላት፤ ልታቅፋት ጠጋ ስትል እናትየው አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች።

«አልጣላሽም፣ አክስቴ» አለች። «ልጄን ግን አትንኪያት።»