አማቴ ልጄን ያስከተቡ ዕለት

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በተከራየናት ሁለት ክፍል ቤት ነው። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር አሰብ ደርሶ እስኪመለስ ቤቱን የምንጠብቀው እኔና እናቱ ነበርን። አማቴ ሊያርሱኝ ከአቦምሳ መጥተው በዚያው ቀሩ። ልጅቷን የሚያጥቧት፣ የሚያሿት፣ የሚያስተኟት እሳቸው ናቸው። እኔ ሥራዬ ማጥባት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ጠዋት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ በሰፈሩ እየዞረ ለፈፈ። ሕፃን ያላት እናት ሁሉ በነገው ዕለት ቀበሌ አዳራሽ ቀርባ ታስከትብ፤ ያላስከተበ ቤተሰብ ከኅብረት ሱቅ ስኳርም ሳሙናም አያገኝም ተባለ።

አማቴ ልጅቷን አቅፈው እንደተቀመጡ፣ “ይህች ልጅ ከዚህ ቤት አትወጣም” አሉ።

“ምነው እማማ?”

“አትወጣም አልኩ።”

ምክንያቱን ባለቤቴ ነግሮኛል። ከእሱ በታች ወንድም ነበረው። አቦምሳ ሐኪም ቤት መርፌ ተወግቶ በመጣ በማግሥቱ ሰውነቱ እንደ እሳት ነዶ ሞተ። እኔ ደግሞ የእህቴን ልጅ ትክትክ ይዞት፣ ፊቱ እየጠቆረ ትንፋሽ ሲያጥረው አይቻለሁ። እሳቸው መርፌውን፣ እኔ በሽታውን ፈርተን ተፋጠጥን። ባለቤቴ ደግሞ መንገድ ላይ ነው። በቀጠሮው ቀን ሳንሄድ ቀረን።

በማግሥቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ አስከትሎ መጣ። ከኋላቸው ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ነርስ የመድኃኒት ሣጥን ይዛ ቆማለች። አማቴ ልጅቷን በነጠላቸው ሸፍነው ጓዳ ጥግ ላይ ተቀመጡ።

“እማማ፣ መመሪያ ነው” አለ ሊቀመንበሩ። “በፈቃድዎ ካልሰጡን ጥበቃው ይቀበልዎታል።”

“መጀመሪያ እኔን ግደሉኝ!”

ጥበቃው ወደ ጓዳው ሲራመድ ሳላስበው ተነስቼ ፊቱ ቆምኩ። ልጄ እንድትከተብ የምፈልገው እኔ ነኝ፤ ያ ሰው እጁን ሲዘረጋ ግን ሆዴ እምቢ አለኝ።

ያን ጊዜ ነርሷ ተናገረች። “ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ሕፃን ከእቅፍ አስነጥቄ አልወጋም። እባክዎ ውጭ ይጠብቁኝ።”

“መመሪያውን ታውቂዋለሽ?”

“አውቀዋለሁ። የምወጋው ግን እኔ ነኝ።”

በዚያ ዘመን ለሊቀመንበር እንዲህ ብሎ መመለስ ያስፈራል። አፍጥጦ ሲያያት ቆየና ጥበቃውን ጠቅሶት ወጣ። እሷ አማቴ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠችና “አካም ጅርቱ፣ ሃርሜ” ብላ፣ ከአነጋገራቸው ለይታ ይሆናል፣ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው። አማቴ የአገራቸውን ቋንቋ ሲሰሙ ቀና አሉ። ከዚያ በኋላ በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀላቀሉ አወሩ።

“ልጄን መርፌ በላብኝ” አሉ አማቴ።

“ሲወጋ ታሞ ነበር?”

“ታሞ ነበር እንጂ! ለዚያ አይደል የወሰድኩት።”

ነርሷ ሣጥኗን መሬት ላይ አስቀመጠች። “እንግዲህ እኔ አልነበርኩም። መርፌው ይሁን በሽታው፣ ምን እንደወሰደው ልነግርዎ አልችልም። ይህ ክትባት ግን ልጅ ሳይታመም፣ ትክትክን የመሰለ በሽታ እንዳይዘው የሚሰጥ ነው። ግን አልዋሽዎትም፤ ወደ ማታ ትኩሳት ሊነሳባት ይችላል።”

በልቤ “አበላሸችው!” አልኩ። አማቴ ግን ነጠላቸውን ከልጅቷ ፊት ገለጥ አደረጉ።

“ያኔ እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም” አሉ።

“ከሥራ ስወጣ መጥቼ አያታለሁ። ሰፈሬም እዚሁ ነው።”

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። “እናቷ አንቺ ነሽ። ምን ትያለሽ?”

እስከዚያች ሰዓት ማንም አልጠየቀኝም ነበር። “እኔም ፈርቻለሁ እማማ። ትክትኩን ግን አብልጬ እፈራለሁ።”

“እንግዲያው የምይዛት እኔ ነኝ” አሉ።

ነርሷ ጭኗን ስትወጋት ልጄ አለቀሰች፤ ከእሷ ይልቅ አማቴ አለቀሱ። ወደ አመሻሹ እንደተባለው ትኩሳቱ መጣ። አማቴ ጨርቅ እየነከሩ ግንባሯ ላይ ሲያደርጉ አመሹ። ነርሷ ቃሏን ጠብቃ መጣች። ትኩሳቷን ለካች፣ ሽሮፕ ሰጠቻት፣ “ጡት አታቋርጪባት” አለችኝና ከአማቴ አጠገብ ትንሽ ቁጭ ብላ ሄደች።

ሲነጋጋ የአማቴ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። “ነይ! ቀዝቅዛለች!”

ቃሉን ስሰማ የሞተች መሰለኝ። ዘልዬ ስደርስ ልጄ በላብ ረጥባ፣ ግንባሯ በርዶ፣ የአያቷን ሹሩባ ይዛ ትጎትታለች። አማቴ “ጎትቺ፣ ጎትቺ የኔ እመቤት” እያሉ ይስቃሉ፤ እንባቸውም ይወርዳል። እኔም መሬት ላይ ተቀምጬ አብሬ አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ለቀጣዮቹ ክትባቶች አማቴ ራሳቸው አዝለዋት አዳራሹ ሄዱ። ሊቀመንበሩን ግን ሰላም አላሉትም። ሰፈራችን ውስጥ ልጇን ደብቃ ስኳር የተከለከለች እናት ነበረች፤ ነርሷ ደጋግማ እየሄደች ነው ያሳመነቻት። ዛሬ ሰዎች ክትባት በሕግ ይገደድ አይገደድ ሲሉ እሰማለሁ። መመሪያው ባይኖር ነርሷ ደጃችን አትደርስም ነበር ብዬ አምናለሁ። ጠመንጃው ብቻውን ቢመጣ ደግሞ አማቴ ልጄን አዝለው አቦምሳ ይገቡ ነበር፤ እኔም እከተላቸው ነበር።

በዚያ ክረምት ትክትክ በሰፈሩ ዞረ፤ እኛን አልነካንም። መስከረም ሲጠባ ልጄ ግቢው ውስጥ መዳህ ጀመረች። አማቴ ከኋላ ከኋላዋ “ቀስ! ድንጋይ አለ!” እያሉ ሲከተሏት ይውሉ ነበር።